መሪ ሳይዙ የሚገቡበት ገጽ

የተከበራችሁ ወዳጆች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦችና የቅርብም የሩቅም ዘመዶች፤ በዚህ ብርድ ሥራችሁን ጥላችሁ እኅታችንን ለመሸኘት ስለመጣችሁ በቤተሰቡ ስም እጅ እየነሣሁ፣ የሕይወታቸውን ታሪክ እንዳነብ አደራ የተሰጠኝ እኔ ታላቅ ወንድማቸው ነኝ። ዕድሜ ልኬን አንቺ እያልኩ ስጠራቸውና ስከራከራቸው ኖሬ ዛሬ አንቱ ስላቸው ቢሰሙ ኖሮ፣ ምን ፈልገህ ነው ብለው ይስቁብኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ነገር ግን ወግ ነውና፣ ደግሞም ይገባቸዋልና፣ እስከ መጨረሻው እንደዚሁ አነባለሁ።

እኅታችን ልብስ ሰፊ ከነበሩት አባታችንና በአንድ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ተቀጥረው ይሠሩ ከነበሩት እናታችን የተወለዱ ሲሆን፣ ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። በሕፃንነታቸው እንደማንኛውም ልጅ ሮጠው፣ ወድቀው፣ ከእኔም ጋር ተደባድበው ካደጉ በኋላ፣ ፊደል ለይተው ሳይጨርሱ በያዛቸው ብርቱ ኩፍኝ የሁለቱም ዓይኖቻቸው ብርሃን ጠፋ። እናታችን ከእንግዲህ ከቤት አትወጣም ብለው ወስነው ነበር፤ አባታችን ግን ይህች ልጅ ዕድሜዋን የሰው እጅ ስታይ አትኖርም በማለት ጨክነው፣ መጀመሪያ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ አስቀምጠው የጨርቁን ፊትና ጀርባ፣ የክሩን ቅጥነትና ውፍረት በጣታቸው መለየት አስተማሯቸው፤ ቀጥሎም እናታችን እያለቀሱ ወደ ዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ይዘዋቸው ሄዱ።

በዚያም ብሬል የተባለውን በጣት የሚነበብ ጽሕፈት በአጭር ጊዜ አጠናቀቁ። መምህሮቻቸው ጉብዝናቸውን የሚያነሡትን ያህል ግትርነታቸውንም ያነሡ ነበር። ወደ ምግብ አዳራሽ የሚመራኝ ሰው አልፈልግም ብለው ብቻቸውን ሲሄዱ ከብረት ምሰሶ ጋር ተላትመው፣ ያበጠ ግንባራቸውን ይዘው ለዕረፍት ቤት ሲመጡ፣ እኔ ቀንድ አወጣሽ እያልኩ ስቀልድባቸው፣ እርሳቸው ምሰሶው ነው መንገድ ያልለቀቀልኝ ይሉ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ሕግ ሲያጠኑ መጻሕፍቱ በብሬል ስላልተዘጋጁ የሚያነብላቸው ሰው መለመን ግድ ሆነባቸው፤ ያነብላቸው የነበረው ተማሪም ፍቅር ይዞት ደብዛው ሲጠፋ፣ የመጽሐፉን ግማሽ ሳይሰሙ ለፈተና ተቀምጠው ወደቁ። ይህን ነገር ሁልጊዜ የሚያወሩት እየሳቁ ቢሆንም፣ ውስጣቸው እንዳልሳቀ የሚያውቋቸው ሁሉ ያውቃሉ። በኮምፒውተር ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም እጃቸው በገባ ጊዜ፣ ከእንግዲህ ማንም ፍቅር ቢይዘው ግድ የለኝም ማለታቸውን ጓደኞቻቸው እስከ ዛሬ ያነሡታል።

ገና በትምህርት ላይ ሳሉ፣ ከተወለዱ ጀምሮ ብርሃን አይተው ከማያውቁት የሒሳብ መምህር ጋር ተዋውቀው፣ ሁለት የማያዩ ሰዎች እንዴት ሆነው ቤት ሊያቆሙ ነው የሚለው የሁለቱም ወገን ጉምጉምታ ሳይበግራቸው በጋብቻ ተጣመሩ። ቤታቸውን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ወንበር ከቦታው አንሥቶ ያልመለሰ እንግዳ ወዮለት። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ልጅቱ ታያለች። ጎረቤት ሁሉ እሰይ መሪ አገኛችሁ ሲል፣ እኅታችን ልጄን ወለድኳት እንጂ አልቀጠርኳትም ብለው፣ ደብዳቤ እንድታነብላቸውም ሆነ በየቢሮው እንድታዞራቸው አድርገው አያውቁም። ይህን የማነሣው ለሙገሳ ብቻ ሳይሆን፣ በኋላ የሆነው እንዲገባችሁ ነው።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ፣ ለአካል ጉዳተኞች የድጋፍ ካርድ በሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የስልክ መረጃ ክፍል ተቀጠሩ። ካርዱ ለያዘው ሰው በነፃ መታከሚያና አውቶቡስ መሳፈሪያ ሲሆን፣ በየዓመቱ የሕመሙና የሕክምናው ዝርዝር ተሞልቶ ካልታደሰ ግን ዋጋ የለውም። እኅታችን ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ ዓመት ሲሠሩ፣ የደዋዩን ድምፅ ሰምተው ብቻ ማን እንደሆነ፣ ካርዱ መቼ እንደሚያበቃ፣ አልፎ አልፎም ከሚስቱ ጋር መኳረፉን ሳይቀር ይለዩ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የማደሻ መስኮቶቹን ዘግቶ ሥራውን በሙሉ ወደ ድረ ገጽ ባዛወረ ጊዜ፣ ያ ስልክ ፋታ የለሽ ሆነ።

የገጹ ነገር እንዲህ ነበር። የንባብ ፕሮግራሙ ሥዕልና ምልክት ሲያጋጥመው የሚያነበው ከበስተኋላ የተጻፈለትን መግለጫ ነው። ገጹን የሠሩት ባለሙያዎች መግለጫ የሌለው ምልክት እንደ ጉድለት እንደሚቆጠርባቸው ስለሚያውቁ፣ ገጹ ከመከፈቱ በፊት ለሚደረግበት የጥራት ምርመራ በነበረው ጥድፊያ በሁሉም ላይ «ምስል» የሚል አንድ ቃል ሞሉበት። መርማሪውም ሰው ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ነበርና፣ ባዶ ቦታ አለመኖሩን ብቻ ተመልክቶ እንከን የለበትም ብሎ አሳለፈው። ማደሻውም ምስል፣ መላኪያውም ምስል፣ መሰረዣውም ምስል ተባለ። ከደዋዮቹ አንዱ ሽማግሌ ያደሱ መስሏቸው ካርዳቸውን ሰረዙ፤ ነገሩ እስኪጣራ ድረስም የኩላሊት እጥበታቸው ተቋረጠ። እኅታችን ጉዳዩን አስጨርሰው ሲደውሉላቸው ስልኩን ያነሡት ሚስታቸው ነበሩ፤ ሽማግሌው ተቀብረው ነበር። ያን ዕለት እኅታችን ከሥራ ወጥተው በቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጥተው ይህንኑ ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አልነበራቸውም። አቤት ብለው፣ ደጅ ጠንተው፣ በመጨረሻ ከኃላፊዎች ስብሰባ ገብተው የአዳራሹን ስክሪን አስጠፍተው ገጹን በድምፅ ብቻ ከፈቱላቸው። ክፍሉ ምስል፣ ምስል፣ ምስል በሚል ድምፅ ሲሞላ የሳቁም ነበሩ። የክፍሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም፤ በቅን ልቦና፣ ታዲያ ቤት ውስጥ የሚያይ ሰው ቢሞላላቸው ምን አለበት፣ ለእርስዎስ ቢሆን የደረሰች ልጅ አለችዎት አይደል አሏቸው። እኅታችንም የማኅፀን ሕክምናዬን ወረቀት ልጄ ታንብበው ነው የሚሉኝ ብለው መለሱ። ሁሉም አቀረቀሩ፤ ካቀረቀሩም በኋላ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገሩ።

በዚያ ስብሰባ ላይ፣ በመሥሪያ ቤቱ ዝምተኛው እየተባሉ የሚጠሩት የኮምፒውተር ባለሙያ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ከገጹ ሠሪዎች መካከል ያን ቃል በየቦታው የሞሉት እርሳቸው ናቸው፤ ዛሬም እዚህ መካከላችን ስላሉና ራሳቸው ተናገርልኝ ስላሉኝ ነው የምናገረው። በማግስቱ ወንበራቸውን ተሸክመው ከእኅታችን ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡ፤ ከመደበኛ ሥራቸው በተረፋቸው ጊዜም ገጹን ከሥሩ ያቃኑ ጀመር። እርሳቸው ይጽፋሉ፣ እኅታችን ያዳምጣሉ፣ አልገባኝም ይላሉ፣ የተጻፈው ይፈርሳል፣ እንደገና ይጻፋል። ገጹ ዘገየህ ብሎ ሰውን መሐል ላይ የሚያስወጣበት ልማዱም በዚሁ ተቃና። የክፍሉ ኃላፊ እያዩ እንዳላዩ አለፏቸው፤ ይህም እንደ ውለታ ይቆጠርላቸው። ሥራው በተጠናቀቀ ጊዜ መምህሩ ባለቤታቸው ከገዛ ወንበራቸው ሳይነሡ፣ ማንም ከጎናቸው ሳይቆም፣ ካርዳቸውን በገዛ ጣታቸው አደሱ። አንዲት እናት ደግሞ ደውለው፣ የበሽታዬን ስም ከጎረቤት ደብቄ የዋልኩት ዛሬ ገና ነው አሏቸው። እኅታችን በሕይወታቸው ብዙ ነገር ቢያገኙም፣ እንደዚያ ቀን ደስ ሲላቸው አላየሁም።

ደስታው ግን አልቆየም። የሆድ ሕመም ነው ሲባል የከረመው የቆሽት ካንሰር ሆኖ ተገኝቶ፣ እኅታችን ሆስፒታል ተኙ። የእርሳቸው ካርድ ገና ጊዜ ስለነበረው ሕክምናቸው አልተስተጓጎለም። በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታቸው ገጹን ለማሳመር ሌላ ድርጅት ቀጥሮ አሮጌውን በሙሉ አስነሥቶ አዲስ ተከለ። አዲሱ ገጽ ለሚያይ ሰው ያማረ ነው ይባላል፤ አይቼዋለሁ፣ ያማረ ነው። እኅታችንና ባልደረባቸው ቃል በቃል ያቃኑት ሁሉ ከአሮጌው ጋር ተጣለ፤ በአዲሱ ውስጥም የንባብ ፕሮግራሙ አንዳንዱን ምልክት በቁጥር ይጠራል፣ አብዛኛውን ዝም ብሎ ያልፋል። የሚጣለው ምን እንደሆነ ለማስረዳት የሞከሩት ዝምተኛው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። ገጹ ሁሉን ይመልሳል ስለተባለም የስልክ ክፍሉ ተዘጋ።

መምህሩ ይህን ያወቁት ካርዳቸውን ለማደስ በተቀመጡ ጊዜ ነው። ሞከሩ፣ አልሆነም፤ ደጋግመው ሞከሩ፣ አልሆነም። ሆስፒታል ሲሄዱ እኅታችን ከሁሉ አስቀድመው የጠየቋቸው፣ ካርድህን አደስክ ወይ፣ በራስህ ጣት ነው ወይ የሚል ነበር። መምህሩም አዎን፣ በራሴ ጣት ነው፣ እንዲያውም ከአምናው ቀለለኝ አሏቸው። ልጃቸው እኔ ልሙላልህ ብላ ብትለምናቸውም፣ በቃሌ መዋሸቴ ይበቃል፣ በሥራዬም አልዋሻትም፣ ደግሞም አንቺን መሪ ማድረግ እሷ ያልፈቀደችው ነገር ነው ብለው አሻፈረኝ አሉ። ጉዳዩን በአካል ለማስጨረስ ወደ መሥሪያ ቤቱ ቢሄዱም መስኮቱ ዝግ ነበር፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያነበቡላቸው ጥበቃው፣ በገጹ ይጠቀሙ ይላል አሏቸው። ካርዱ አበቃ። ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ አልተሳፈሩም፤ የስኳር መድኃኒታቸውንም ከሚታዘዝላቸው አሳንሰው ይወስዱ እንደነበር ልጃቸው የደረሰችበት በኋላ ነው። በበትራቸው እየዳሰሱ፣ ለቧንቧ ተቆፍሮ አፈሩ በተከመረበት መንገድ፣ ከቤት እስከ ሆስፒታል በእግራቸው ይመላለሱ ጀመር። አንድ ቀን ጉድጓድ ገብተው ቅልጥማቸው ተገሽልጦ ሲደርሱ፣ እኅታችን አረማመዳቸውን ሰምተው ምን ሆነሃል ቢሏቸው፣ ተቀምጬ ስለምውል እግሬ ደንዝዞብኝ ነው አሉ። ዝምተኛውም ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ፣ እኅታችን አሁንስ በገጹ የተቸገረ ይደውላል ወይ ሲሏቸው፣ ማንም አይደውልም ብለው መለሱና ከክፍሉ ወጥተው በኮሪደሩ ላይ አለቀሱ።

እኅታችን ሥቃያቸው እየበረታ፣ ሰውነታቸው እያለቀ ሄዶ፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከመሞታቸው ቀደም ብለው፣ እኔ ባልኖርም ሰው በገዛ ጣቱ ይገባል ብለዋል። ለቅሶ የደረሱ ሁሉ በሰላም አረፉ ሲሉን፣ እኔም ምንም ሳላውቅ አዎን፣ ሥራቸው ፍሬ አፍርቶ አይተው ነው ያረፉት እያልኩ እመልስ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ በመጨረሻው አካባቢ ገጹ ዛሬም አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ ለመምህሩ አነበብኩላቸው። መምህሩ ሰምተው ሲያበቁ፣ እሱን አውጣው፣ ዋሽቻት ነው የኖርኩት፣ ዋሽቼ ግን አልቀብራትም አሉኝ። ስለ አዲሱ ገጽና ስለ ካርዳቸው የሰማችሁትን የነገሩኝ ያኔ ነው፤ በሁሉም ፊት፣ ሬሳው ሳይወርድ፣ እሷም ባለችበት ይነበብልኝ ብለዋል። ስለዚህ አደራዬን እፈጽማለሁ። እኅቴ ሆይ፣ ያቃናሽው ገጽ ተዘግቷል፤ ባለቤትሽ ካርዱን አላደሰም፤ ሲመላለስ የነበረው በእግሩ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎችም እዚሁ ቆማችሁ ትሰማላችሁና፣ ከዚህ በላይ የምላችሁ የለኝም።

እኅታችን ባለቤታቸውን መምህሩን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን የማያውቁ፣ ዛሬም መሞታቸውን የሚነግራቸው ያጡ ብዙ ደዋዮችን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ ደጁን ሳይዘጋ ይቀበልልን፤ ከድካማቸው ሁሉ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።

አሁን መምህሩ አፈር ለማልበስ ወደ ፊት ይመጣሉ። መንገዱን ልቀቁላቸው እንጂ እጃቸውን አትያዙ።