ወንበሩ ባዶ አይቅር

አባ መለዋወጫ፣ የጥገና ኃላፊ ሆነው ወደዚህ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ የመጡ ቀን ሻንጣዎን ለመሸከም የተሻማነው እኛ ነበርን። የተጸጸትነውም እኛው። ዘበኛችን ወገቡን ይዞ፣ “ጌታዬ፣ ድንጋይ ነው እንዴ?” ሲልዎት ከፈቱት። ከሁለት ሸሚዝ በቀር ብሎንና ፊውዝ ብቻ!

“ሰውዬው ሊሠሩ ነው ሊነግዱ የመጡት?” ብሎ ሹክ አለኝ።

እኔ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝና፣ “ዝም በል፣ የኔ ሰው ናቸው” አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከሰላምታ በፊት “መለዋወጫው ደረሰ?” ነው። ታምሜ ሰንብቼ ስመለስ እንኳ፣ “እንኳን ተሻለሽ፤ ፊውዙ ገባ?” ነው ያሉኝ።

የውጭ ባለሀብቶች ከጎረቤት አገር ኃይል የሚያመጣውን መስመር ሊዘረጉልን ሲመጡ ሁላችንም አጨበጨብን። እርስዎ እጅዎን አወጡ።

“መስመሩስ እሰየው ነው። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?”

“ደውሉልን፣ እንመጣለን።”

“እስክትመጡ አገር በጨለማ ይቀመጥ?”

ሥልጠናና መለዋወጫ ውሉ ውስጥ ካልገባ ብለው ድርቅ አሉ። ገባም።

ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች አንዷ ልጄ ነበረች። መቆጣጠሪያ ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የእሷ ነበር። ልጄን በሽታ በአጭር ቀጨብኝ። እኔም “ወንበሯን ማንም አይንካብኝ” አልኩ። ታገሱኝ። ኋላ ግን አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ “እህቴ፣ ወንበሯ ባዶ ከቀረ የተማረችውም አብሯት ይቀበራል። ሰው ይማርበት” አሉኝ። ወንበሩንም ለሌላ ሠልጣኝ ሰጡት፤ አኮረፍኩዎት። ሰላምታዎን አልመልስም ነበር። እርስዎ ግን ጠዋት ጠዋት “መለዋወጫው ደረሰ?” ማለትዎን አልተዉም።

ባለፈው በጋ የግድባችን ውሃ ሸሽቶ፣ ከተማው በጎረቤት ኃይል ብቻ ሲኖር፣ ያ መስመር እዚሁ ጣቢያችን ላይ ተበላሸ። ባለሀብቶቹ ባሕር ማዶ ናቸው። ወንበሩ ላይ የነበረችው ወጣት ብልሽቱን ለየች፤ ዕቃውን ከመጋዘን በእጄ አውጥቼ ሰጠሁ፤ ሳይመሽ መብራት መጣ። ልጅቷ እየሮጠች መጥታ፣ “እማዬ፣ ይቺ ወንበር ገድ አላት!” ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ኩርፊያዬ የዚያን ቀን ወጣልኝ። ግን አልነገርኩዎትም። ዛሬ በጡረታ ስንሸኝዎት ልንገርዎት።

አመሰግናለሁ። የልጄን ሥራ ከልጄ ጋር እንዳልቀብር አደረጉኝ። የሩቅ ሰው ገንዘቡን አምጥቶ መስመር ሲዘረጋልን ደግ ነው፤ እሱ ሲሄድ መብራቱን የሚጠብቁ እጆች ያኖሩልን ግን እርስዎ ነዎት።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ የልጅ ልጆችዎን ይቀፉ። ባለቤትዎን በጠዋት ስለ ፊውዝ አይጠይቁብን። የእርስዎም ወንበር ላይ ከነገ ጀምሮ ሰው ይቀመጥበታል፤ እንዳያኮርፉን።

ደግሞ አያስቡ፤ መለዋወጫው ደርሷል።