የዓሣዎቹ ውሃ ሲነዝረኝ

የልጄ ሚስት ሰላም ሳሎናችን ውስጥ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ታረባለች። የጉለሌ ብርድ እንዳይጎዳቸው ውሃው ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ አለ። ሰሞኑን ዓሣዎቹ ፈዘውባት ስታዝን አላስችል አለኝና ከእንጦጦ ያመጣሁትን ጸበል ጠብ ላደርግላቸው ተነሣሁ። ጸበል ይዤ በጫማ አልቆምም፤ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ሲሚንቶው ላይ በባዶ እግሬ ቆምኩ። በጸበሉ ያራስኩትን ጣቴን ውሃው ውስጥ ስከት እስከ ክንዴ ድረስ ነዘረኝ። "ሰላሜ፣ ጸበሉ ሲሠራ ነይ እዪ!" ብዬ ጮህኩ።

እኔ ብሆን ደንግጬ ክንዷን ነበር የምጎትተው። እሷ ግን ምንም ሳትነካኝ ሮጣ ሶኬቱን ነቀለችና "እማማ፣ እጅዎን ያውጡ! ኤሌክትሪክ ነው" አለችኝ። ማሞቂያውን ስታወጣው ለካስ ተሰንጥቋል። "እኔ እኮ በየቀኑ እጄን እከታለሁ፤ የላስቲክ ጫማዬ ነው ያዳነኝ" አለች። ከዚያ በባዶ እግሯ ከገንዳው ሥር የማትጠፋውን ሕፃን ልጇን አየቻትና አቅፋ ሳመቻት።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆብኝ ያልፍ ነበር። እሷ አዲስ ማሞቂያ ገዛች፤ ባለሙያ ጠርታም ኤሌክትሪክ ቢያፈተልክ ሰው ሳይነካ ከሶኬቱ ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ አስዘረጋች። ሁሉም ሲያልቅ ሶኬቱን ነቅላ የጸበሉን ጠርሙስ አመጣችልኝ።

"በሉ እማማ፣ አሁን ይጨምሩላቸው" አለችኝ፤ ጫማዋን እያወለቀች።