በውጭ ኃይል ሲሠሩ የኖሩት የአቶ ይኸነው ደረሰ ዜና ሕይወት

ከእንጅባራ፣ ከጫግኒና ከአዲስ አበባ ድረስ ለዚህ ቀብር የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ለአንድ ሰው መሰብሰቡ ለቤተሰቡ ትልቅ ክብር ነው፤ ይህን የሚያነብላችሁ ታላቅ ወንድማቸው አዝመራው ደረሰ ግን፣ ለራሱ ቀብር ግማሹ እንኳ ይመጣ እንደሆነ እያሰበ መቆሙን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊደብቅ አይችልም።

አቶ ይኸነው ደረሰ ከአባታቸው ከአቶ ደረሰ ዋጋዬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናትነሽ አወቀ በ1960 ዓ.ም. በዳንግላ ወረዳ ተወለዱ። በተወለዱ ዕለት ከረጅም ድርቅ በኋላ ዝናብ እንደ ዘነበ እናታቸው ዘወትር በአገውኛ ያወሱ ነበር፤ አዝመራው ሲወለድ ሰማዩ ምን ይመስል እንደ ነበር ግን የሚያስታውስ የለም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት በደረሰ ጊዜ ሁለቱም ወንድማማቾች ትምህርት ቤት ገብተው ነበር፤ አባታቸው ሲታመሙ እርፍ የሚይዝ አንድ ልጅ ስላስፈለገ ታላቁ ከስድስተኛ ክፍል ቀረ፣ ታናሹ ግን ዳንግላ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ለአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ተሻገሩ።

ሥራቸውም የአውሮፕላኑን የመገናኛና የአቅጣጫ መሣሪያዎች መሬት ላይ መፈተሽ ነበር። ሞተር ሳይነሣ ሲፈተሽ ባትሪው እንዳይደክም፣ አጠገቡ ከሚቆም ጄኔሬተር በወፍራም ገመድ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፤ ይህም በሙያው ቋንቋ የውጭ ኃይል ይባላል። ልኩን የሳተ ኤሌክትሪክ መሣሪያውን ስለሚያቃጥል አቶ ይኸነው በመለኪያ ሳያረጋግጡ ገመድ አይሰኩም፣ ሲጨርሱም የበራውን ሁሉ በተራ ሳያጠፉ አይነቅሉም ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ለፋሲካ መጥተው በጎረቤት ፊት እኛ ያለ የውጭ ኃይል አንሠራም ማለታቸው ግን ጉድ አፈላ። ዘመኑ የውጭ ኃይል ሲባል ጠላት የሚታሰብበት ስለ ነበር ወሬው ቀበሌ ደረሰ፤ ተናጋሪው ቀድመው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋልና የተጠራው አዝመራው ሆነ፣ አይቶት ስለማያውቀው ገመድም ሲያስረዳ ዋለ። ሲፈቱት ቤት ቢገባ እናቱ ልጃቸው ከውጭ መንግሥታት ጋር እንደሚሠራ ለጎረቤት እየተናገሩ በኩራት ተቀምጠው አገኛቸው።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ እናትነሽ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር አንጋጠው ይመርቁ ጀመር። አንድ ዓመት በጥር፣ እንጅባራ በፈረሰኞች በዓል ላይ፣ አዝመራው ባሸበረቀ ፈረሱ ሁሉን ቀድሞ በእናቱ ፊት ሲያልፍ እሳቸው ሰማይ ሰማይ ይመለከቱ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራልና፣ አርሶ ያበላ ልጅ መዳብ ሆኖ ኖረ፤ ይህም ዛሬም ያንገበግበዋል።

አቶ ይኸነው በ1990 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውቢት ፋንታሁን ጋር ተጋብተው ሃናንና ሕይወትን አፍርተዋል። ቤታቸው ያማረ፣ ትዳራቸው የሠመረ ነበር፤ እንከን ቢፈለግም አልተገኘም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሆስፒታል ገብተው በኦክስጅን ሲረዱ፣ አሁንስ እኔም በውጭ ኃይል ሆንሁ ብለው አስታማሚውን ሁሉ አሳቁ። ፍጻሜያቸው እንደ ቀረበ ባወቁ ጊዜ እንደ ሥራቸው ሥርዓት አደረጉ፤ ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንም በተራ እየጠሩ ተሰናበቱ፤ በመጨረሻ በስልክ እናታቸውን አስጠርተው ገና «እማዬ» እንዳሉ ኔትወርኩ ተቋረጠ፣ ሳይመለስም ዐረፉ። ገመዱ ተነቀለ፤ እናት ግን ሳይሰናበቱ ቀሩ።

ስለዚህ ወይዘሮ እናትነሽ ጥሪውን አላቋረጡም። ከትናንት ጀምሮ አዝመራው በበሩ በገባ ቁጥር ቀና ብለው በሙሉ ዓይናቸው ያዩታል፤ ዕድሜውን ሁሉ የተመኘው ይህንኑ ነበር። የሚጠሩት ግን «ይኸነው» ብለው ነው፤ እሱም «አቤት» ይላል።

አቶ ይኸነው እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በስማቸው የሚጠራ አንድ ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ተለይተውናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ያዕቆብም የታላቁን ምርቃት የወሰደ ታናሽ ነበርና፣ በደንብ ይግባባሉ።