ካፖርት ውስጥ የጮኸው አውራ ዶሮ

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ካፖርት ለብሰው፣ ሆዳቸውን በሁለት እጅ ደግፈው ሲጣደፉ ላያቸው መንታ ያረገዙ ይመስሉ ነበር። መታጠፊያው ላይ ከጎረቤታቸው ልጅ፣ ከእንስሳት ሐኪሟ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? በደህና ነው?»

«ደህና ነኝ ልጄ፤ ብርዱ ብቻ...» ሳይጨርሱ ካፖርቱ ጮኸ። ጩኸት ስላችሁ እንዲሁ ጩኸት አይደለም፤ የሰፈሩ ቆርቆሮ በሙሉ ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ብርዱ ኩኩሉ ይላል እንዴ?» አለች ሳቋን እየዋጠች።

ሽማግሌው ግራ ቀኝ ተገላመጡ። የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ አሁን ሦስት ተኩል ሆኗል። አዲሱ ደንብ በአንድ ግቢ ስድስት ሴት ዶሮ ይፈቅዳል፤ አውራ የተገኘበት ግን ፈቃድ የለውም፣ ዶሮዎቹም ይወሰዱበታል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ሽማግሌው በየጠዋቱ «እንዴት አደራችሁ» የሚሉት ስድስቱን ሴት ዶሮዎቻቸውን ብቻ ነው።

«ከከተማ ውጪ ያለችው እህቴ ታክሲ ተራ እየጠበቀችኝ ነው። አደራ እሰጣትና ተቆጣጣሪው ፊቱን ሲያዞር አመጣዋለሁ።»

«ለምን ያመጡታል? እዚያው ይኑር እንጂ።»

«አይ ትምህርት! ያለ አውራ እንቁላሉን ማን ሊጥል ነው? አንቺ ትጥያለሽ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ነው። እንቁላሉንማ ሴቷ ብቻዋን ትጥላለች።»

«ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ዶሮ አይቶ አያውቅም! አርባ ዓመት ያረባሁ እኔ ቆሜ!» አንዴ ሰዓታቸውን፣ አንዴ መንገዱን ያያሉ፤ እግራቸው መሬት አልረገጠላቸውም።

«እሺ፣ መጽሐፉ ይቅር። ይህ አውራ እግሩ ተሰብሮ እኔ ክሊኒክ ስንት ቀን ተኛ?»

«ሃያ ቀን። ውለታሽን አልረሳሁም።»

«ያኔ እህቴ አራስ ነበረች። ሃያውንም ቀን ትኩስ እንቁላል ያመጡላት እርስዎ ነዎት። ከየት አመጡት?»

«ከዶሮዎቼ ነዋ!»

«ያለ አውራ?»

ሽማግሌው ያን ሃያ ቀን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ እንቁላል የጎደለበት ቀን አጡ።

«አሁን ያ ሕፃን በዚህ አውራ ጩኸት ጎህ ሳይቀድ እየባነነ ያለቅሳል። እህቴም ስድቡ አፏ ድረስ ይመጣና ከእንቁላልዎ ጋር ትውጠዋለች።»

«ምነው ታዲያ አትነግረኝም?» አሉ ቀስ ብለው። «እና አርባ ዓመት በከንቱ ነው ያስጮኽኩት?»

«የዶሮዎቹንም ቤት ሽታው እንዳይገባብን ከግድግዳችን ሦስት እርምጃ ያርቁት፤ ደንቡ ይላል። እህሉን ክዳን ባለው ጣሳ ቢያደርጉት ደግሞ አይጡ ይጠፋል።»

«አይጡማ ድመቴን ማባረር ጀምሯል!»

ታክሲ ተራ ደርሰው አውራውን ለእህታቸው ሲያስረክቡ አንገቱን አንዴ ዳበሱት። «አደራ አይደለም፤ ያንቺው ነው» ብለው፣ ዛሬ ድረስ ማንም ባልሮጠው አሯሯጥ ወደ ቤት ተመልሰው የዶሮዎቹን ቤት ከግድግዳው ሦስት እርምጃ ገፉት፤ እህሉንም ጣሳ ውስጥ ከደኑት።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ቢዘረጋ ማን ያስነብበው! «ቁጭ ይበሉ ላስረዳዎ። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ፣ ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች። ሃያ ቀን ያጠናሁት ነገር ነው!» ፈቃዱን ተቀብለው ከስፌት መኪናቸው በላይ ሰቀሉት።

ወር ሳይሞላ አይጡ ሰፈር ለቀቀ፤ ግቢው ሸተተ የሚል ጠፋ፤ ሕፃኑም ፀሐይ እስኪሞቅ መተኛት ለመደ። እንቁላሉ አንድም አልጎደለም። ሽማግሌው አሁንም ጠዋት ጠዋት ለስድስቱ «እንዴት አደራችሁ» ይላሉ፤ ሕፃኑ እንዳይነቃ ግን በሹክሹክታ ነው።