ቤቷን የማትረሳ አውሮፕላን

ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ዙሌይካ የደረቀውን ልብስ ከገመዱ እያወረደች ታጥፋለች። ጎረቤቷ ሰርካለም ወንፊት ልትዋስ መጥታ ደጁ ላይ ዱካ ይዛ ተቀምጣለች። የዙሌይካ ባል ባድሩ ደግሞ በረንዳው ላይ ሆኖ የተሰነጠቀ የአውሮፕላን ክንፍ በማጣበቂያ ይለጥፋል። ሐይቅ ከተማ ላይ ሬዲዮና ስልክ በመጠገን የሚታወቅ፣ ሃምሳን የተሻገረ ሰው ነው። አውሮፕላኗን የሠራት እሱ፣ ያሳፈረችውም እሱን ነው። ስለ ጉዳዩ ሲጠየቅ «ነፋስ ወሰዳት» ይላል። ዙሌይካ ሃያ ሁለት ዓመት «አንተ» ስትለው ኖራ ከሐሙስ ወዲህ ጨርሶ አላናገረችውም። ዛሬም የምታወራው ለሰርካለም ነው፤ ድምፅዋ ግን በረንዳው ድረስ እንዲሰማ ሆኖ ተመጥኗል።

«የዛሬው ነፋስ ደስ ሲል፣ ሰርኬ። ከሐይቁ የሚመጣው እኮ ልብስ ሲያደርቅ ለጉድ ነው። ያቺ ገብስማ ዶሮሽ ደህና ናት? ቅድም እኛ ጓሮ ስትጭር አይቻት ነበር። ተያት፣ ትጫር። ቀኑን ሙሉ የሰው ጓሮ ስትዞር ትውልና ሲመሽ ቆጧ ላይ ናት። ማን አስተማራት? ትምህርት ቤት አልገባች፣ ስልክ አልጠገነች…

«ስለ ጥገና ካነሣሁ አይቀር፣ የረቡዕ ዕለት ምነው ቀረሽ? ሕዝቡ ሁሉ ሐይቁ ዳር ነበር። ማሻአላህ የሚያሰኝ ሥራ ነው እኮ። ከሸምበቆና ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም የተሠራች፣ አራት ክንድ የማትሞላ ነገር፣ ማንም ሳይነዳት ግሸን ተራራ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች ሲባል ማን ያምናል? የሠሯት ሰውዬ ማይክ ይዘው አስረዱን። ‹ይቺ አውሮፕላን መጀመሪያ የተከፈተችበትን ቦታ ቤቴ ብላ ትይዛለች። ባትሪዋ ሲደክም ሌላውን መንገድ ሁሉ ትታ ወደዚያው ትሄዳለች። ቤቷን አትረሳም› አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ወላሂ። እንዲህ ያለ አዋቂ ሰው እኛ መንደር መኖሩ ኩራት ነው። … ይኖራል አይደል፣ እኛ መንደር? እኔማ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።»

ባድሩ ማጣበቂያውን ክንፉ ላይ ሊያደርግ ጣቱ ላይ አፈሰሰው። ሰርካለም ወንፊቱን ደረቷ ላይ አቀፈች። ወንፊቱን ካገኘች ቆይታለች፤ ግን እንዲህ ያለ ወሬ ጥሎ የሚሄድ ጎረቤት የለም።

«ተነሣች፤ ሄደች፣ ነጥብ አከለች፣ ጠፋች። ሰውዬው ስልካቸው ላይ እያዩ ‹ግሸን ደርሳ ዞረች› አሉን። እኛ አልሀምዱሊላህ አልን፣ የናንተዎቹ እነ እንዳለም ማርያምን አመሰገኑ። ከዚያ ነፋስ ገጥሟት ነው መሰል ባትሪዋ ደከመ። ሰውዬው ስልኩን አየት አደረጉና ፊታቸው አመድ መሰለ። ምነው ብንላቸው ‹ኔትወርክ የለም› ብለው ኪሳቸው ከተቱት። እስከ አስር ሰዓት ሰማይ ስናይ ዋልን። አንገቴን እስካሁን ያመኛል። እሳቸው ግን ሰማዩን አንዴም ቀና ብለው አላዩትም። ለምን ይድከሙ? የገባችበትን ያውቃሉ…

«ሐሙስ ጠዋት የሚኒባሱ ሾፌር ሀሚዱ ጥቅልል ይዞ መጣ። አውሮፕላኗ ናት። ውጫሌ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ገብታ ልብስ ማስጫው ሥር ቀስ ብላ አረፈች አለን። የግቢው እመቤት ጠቅልላ ‹ቤታችን ገብታለች በልልኝ› ብላ ላከቻት። … ቤታችን። ደግ ሴት ናት። የሰው ዕቃ ጓሮው ወድቆ ሲያገኝ ስንቱ ይመልሳል? አንዳንዱ እኮ አስቀርቶ ይቀራል።

«ተሳስታ ነው እንዳትይኝ። እሷ አትሳሳትም፣ በማይክ ተነግሮናል። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። በፊተኛው ሳምንት ሰውዬው ‹ሥራዬ እንዲባረክ ውጫሌ ካሉ ሼህ ዘንድ ዱዓ አስደርጌ ልምጣ› ብለው ነበር። ደግ አደረጉ፤ እኛ ያለ ዱዓ ምን እንጀምራለን? ሼሁ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሰውዬው በረካው ከሞተሯ እንዲገባ ብለው አሚን ሲባል ከፈቷት አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዱዓው ሁለት ቀን ፈጀ። ሌሊቱንም ጨምሮ። ታዲያ አውሮፕላኗ ሼሁ ቤት ተመልሳ ብትሄድ ምን አጠፋች? አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። እኚያ ሼህ ግቢ ገመድ ላይ የተሰጣው ሁሉ ቀሚስ ነው አለ ሀሚዱ። ሮዝም አለበት አለ። ቀለም የሚወዱ ሼህ ናቸው መሰለኝ…»

በረንዳው ላይ ሳል ተሰማ። ባድሩ ተነሥቶ ቤት ሊገባ ነበር፤ ጣቱ ከክንፉ ጋር ተጣብቆ ኖሮ ክንፉ አብሮ ተነሣ። በሩ ደግሞ ለዚያ ክንፍ ይጠባል። መልሶ ተቀመጠ።

«ባትሪው ብቻ ነው የሚያሳስበኝ፣ ሰርኬ። ሰውዬው ወጣት አይደሉም። ሐይቅና ውጫሌ መመላለስ ቀላል ነው? እዚህ እንኳ ዒሻ ሳይሰገድ መብራቱ ይጠፋል። እዚያስ እንዴት እየሆኑ ይሆን… የዚያ ግቢ እመቤትም ታዲያ አንገቷን አሟት ይሆናል፣ ስትጠብቅ።»

ሰርካለም ሳቋን በወንፊቱ ሸፈነች። ዝቅ ስትል ዙሌይካ እግር ሥር የተከፈተ ሻንጣ አየች። እስካሁን የታጠፈው ሁሉ የወንድ ልብስ ነው፤ ሁለት ሱሪ፣ አራት ሸሚዝ፣ የዒድ ጀለቢያ። ሳቋ ቆመ። ዙሌይካ ገመዱ ላይ የቀረችውን ሰማያዊ ሽርጥ አወረደች። ወደ ፊቷ አስጠጋቻትና ወዲያው አራቀቻት።

«ይቺን ሽርጥ ታውቂያታለሽ። ለዒድ ከደሴ የገዛኋት ናት፤ ጫፏን በቀይ ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ። ‹ነፋስ ከገመድ ላይ ወሰዳት› ተብዬ ሦስት ቀን በየጎረቤቱ ጠይቄያለሁ፣ አንቺንም ሳይቀር። ነፋሱ ለካ ውጫሌ ድረስ ወስዷት ኖሯል። አውሮፕላኗ የመጣችው በሷ ተጠቅልላ ነው፣ ታጥባ፣ ተተኩሳ። እኔ ተኩሻት አላውቅም። ሴቲቱ ባለሙያ ናት፣ እውነቱን መናገር ነው። መልሼ ያጠብኳት እንዲያው ጠረኗ እንዲለቅ ብዬ ነው።

«አልተቆጣሁም። ሃይማኖታችን የፈቀደውን እኔ ማን ነኝና እከለክላለሁ? ቀድሞ ቢነገረኝ አለቅስ ነበር፣ እሳደብ ነበር፣ ከዚያ ይወጣልኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ከኔ ጋር የበላ አፍ ያልነገረኝን የፎም ቁራጭ ነገረችኝ። እሷን እንኳ አመስግኛታለሁ። እንደ ሠሯት ሰውዬ አይደለችም፤ መዋሸት አታውቅም…

«ሀሚዱ አስር ሰዓት ላይ በዚህ ያልፋል። አንድ ሻንጣና አንዲት አውሮፕላን አለኝ ብዬዋለሁ። ለሰውም ቦታ ይኖርሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከፊት ወንበር አስቀምጣለሁ አለኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው።»

ሽርጧን ከላይ አድርጋ ሻንጣውን ዘጋች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሰርካለም አድርጋ፣ ጀርባዋን ለበረንዳው ሰጥታ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«በይ እጅሽን ዘርጊ፣ አንቺም በማርያምሽ አሚን በይ። ያ ረቢ፣ የኚህን ባለሙያ ሰው ዕድሜ አርዝምልን። እጃቸውን ባርክ። ነፋሱን ከኋላቸው አድርግላቸው። እኛ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት በእንግድነት ሲቆዩ ያጎደልንባቸው ካለ ልባቸው ይቅር ይበለን። ከእንግዲህ መንገዱ ቢጠፋቸው እንኳ አውሮፕላኗ ታውቀዋለችና፣ ሁለቱንም በሰላም ቤታቸው አግባልን። አሚን።»