በሩን የዘጋው ወለል

አቶ መኳንንት በአሮጌው ጣውላ ወለል ላይ የሲሚንቶ ቦርድ ሲያነጥፉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀርተዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይንሸት ከበሩ ማዶ ናቸው።

ወይንሸት፦ ሽማግሌዎቹ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው ሳሎን ቆመዋል እኮ። ውጣና ስለ ልጅህ መልስ ስጣቸው።

መኳንንት፦ እወጣለሁ አልኩሽ። በሩን ትንሽ ግፊው።

ወይንሸት፦ በትከሻዬም በዳሌዬም ገፋሁት። ምን አድርገኸው ነው?

መኳንንት፦ በሩን አልነካሁትም። ወለሉ ነው ከፍ ያለው።

ወይንሸት፦ ወለል በራሱ ከፍ ይላል?

መኳንንት፦ አምና ሴራሚኩን ጣውላው ላይ ለጥፌ ሲሰነጣጠቅ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ጣውላ ሲረግጡት ይጎብጣል፣ ሴራሚክ አይጎብጥም። ዘንድሮ ታዲያ መጀመሪያ የሲሚንቶ ቦርድ፤ ከሥሩ ኮላ፣ ከላዩ ብሎን። በዚህ ከተማ እንዲህ ያነጠፈ ሰው ካለ አምጪልኝ።

ወይንሸት፦ በሩን ዘግተህ?

መኳንንት፦ የበሩ ሥር የቦርድ ቁራጭ አስቸገረችኛ። ዘጋሁና እስከ ጥግ አስጠጋኋት። በሩ ወደ ውስጥ እንደሚከፈት ትዝ ያለኝ አሁን ነው። በሠላሳ ዓመት ልምዴ ገጥሞኝ አያውቅም።

ወይንሸት፦ ሠላሳ ዓመት የሠራኸው መዝገብ ቤት ነው።

መኳንንት፦ መዝገብ ቤትም ወለል አለው።

ወይንሸት፦ በል ቦርዱን ንቀለው።

መኳንንት፦ ሁለት መቶ ብሎን መትቼበት? ዝሆን ቢጨፍርበት ንቅንቅ አይልም። እሺ፣ መቶ አርባ ይሆናል። ኮላው ግን የእውነት ደርቋል።

ወይንሸት፦ የበሩን ማጠፊያስ?

መኳንንት፦ ስድስት ጊዜ ቀለም የቀባሁት እኔው ነኝ። ብሎኑ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ። መስኮቱን ደግሞ አታንሺብኝ፤ ለድመት የተሠራ ነው። ሽማግሌዎቹን ለሳምንት ቅጠሪያቸው።

ወይንሸት፦ ሦስተኛ መምጣታቸው ነው። ዛሬም መልስ ካጡ ተመልሰው አይመጡም። ልጅህ ህሊና ጓዳ ገብታ እያለቀሰች ነው።

መኳንንት፦ የእኔን የሚያህል ሰው ልጅ ለአናጺ?

ወይንሸት፦ አንተን የሚያህል ሰው መታጠቢያ ቤት ተቸንክሮ ቀርቷል። የበሩን ግርጌ የሚቆርጥልህ አናጺ ካልሆነ ማን ነው? ሱራፌልን ጠርቼዋለሁ።

መኳንንት፦ ሽማግሌ የላከ ልጅ አብሮ ይመጣል? ነውር አይደለም እንዴ?

ወይንሸት፦ በጓሮ ነው ያስገባሁት፤ ማንም አላየውም። መጋዙን ይዞ አጠገቤ ቆሟል።

መኳንንት፦ ሁሉንም ሰማ?

ወይንሸት፦ ከመዝገብ ቤቱ ወሬ ጀምሮ።

መኳንንት፦ እና ምን አለ?

ወይንሸት፦ «ብሎኑን የመቱት ጥሩ አድርገው ነው፤ በሩን ግን ካልፈቀዱልኝ አልነካም» አለ።

መኳንንት፦ ጥሩ ነው አለ? ሳያየው?

ወይንሸት፦ በቁልፉ ቀዳዳ አጎንብሶ አይቶታል። የሰፈሩ ሰው እንኳ እንዲህ ብሎህ አያውቅም። እየጠበቀህ ነው፣ ምን ልበለው?

መኳንንት፦ ሱራፌል፣ ልጄ፣ ከበሩ ግርጌ ሁለት ሳንቲም ቆርጠህ አንሳ፣ ይበቃል። አንቺ ደግሞ ሂጂና ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ በያቸው።