አንዱ የዱር እርድ ሦስት የሆነ ለታ

በእኛ ጊዜ የዱር እርድ የሚባለው ተክል አንድ ነበር፤ ዓምና ሐምሌ ግን እዚህ ቁሐር ሚካኤል እኔ ጓሮ ውስጥ ሦስት ሆነ። ሦስት ያደረገው ከወረታ ለጥናት የመጣ የዕፅዋት ባለሙያ ነው፤ ልጅ እግር፣ ጨዋ፣ ማስመሪያ በእጁ።

ታዲያ የተከልኩት እኔ ነኝ። ካቻምና ከጣራ ገዳም ጫካ አንድ ሥር ቆፍሬ፣ ከሦስት ሰብሬ፣ አንዱን ሩዙ ድንበር ላይ፣ አንዱን ዋንዛው ጥላ ሥር፣ አንዱን በረቱ አጠገብ። ሰማችሁኝ? አንድ ሥር ነው። እና ይህ ልጅ ተንበርክኮ ቅጠል ይለካል።

«አባባ፣ የድንበሩ ቅጠሉ ጠባብ ነው፤ የዋንዛው ሰፊ ነው፤ የበረቱ ደግሞ አበባው ትንሽ፣ ሥሩም ሲቆረጥ ነጭ ነው። ሦስት ዓይነት ናቸው።»

«እኔም ሦስት ዓይነት ሰው ነኛ፤ ፀሐይ ላይ እጠቁራለሁ፣ ጥላ ውስጥ እቀላለሁ።»

«የበረቱስ መንጣቱ?»

«ከላሞቹ ወተት ጠጥቶ ይሆናል።»

አልሳቀም፤ ጻፈ።

እኔ ግን መች አረፍኩ፤ ሰንበቴ ላይ ድምፁን ሳይቀር እያስመሰልኩ «አባባ፣ ይሄ ጠባብ ነው፣ ይሄ ሰፊ ነው» ስል ቄሱም ሳቁ። ወሬው ወረታ ደረሰና አለቃው ራሱ መጣ፤ «እውነት ከአንድ ሥር ነው?» አለኝ። «በሚካኤል» ብዬ ማልኩለት። ልጁ አጠገቡ ቆሟል፣ መሬት መሬት ያያል፤ «የበረቱን ብቻ ደግመው ይዩልኝ» ይላል። ማን ይይለት? ከጥናቱ አወጡት፣ ችግኝ ጣቢያ ውሃ ያጠጣ ጀመር።

ታዲያ ዘንድሮ ጨርሼ ላሳፍረው ብዬ ሦስቱንም ነቅዬ አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተከልኳቸው። የድንበሩና የዋንዛው አንድ ሆኑ፤ ቅጠላቸውም፣ አበባቸውም። የበረቱ ግን ያው፤ አበባው ትንሽ፣ ሥሩ ነጭ።

«የሺ» አልኳት ባለቤቴን፣ «ላሞቹ እኮ አሁን ሩቅ ናቸው፤ ይሄ ዛሬም ወተት ያገኛል?»

ሩዝ ትለቅማለች፤ ቀና አላለችም። «የእርስዎማ ካቻምና ክረምት በስብሷል። ቦዩን ይክፈቱ ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩዎ፤ አልከፈቱም፣ ውሃ ተኛበት። እንዳያዝኑ ብዬ ከይፋግ ገበያ ሌላ ገዝቼ ተከልኩልዎ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አልሽ?»

«ሰው ሁሉ እየሳቀልዎ ማን ያቋርጥዎታል?»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«እሑድ ሰንበቴ ነው፤ የሳቁት ሁሉ ይመጣሉ። ልጁን ይጥሩትና በራስዎ ድምፅ ይንገሯቸው።»